ዝርዝሩ ከታች ይጀመር

ዋሽንግተን አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላቸውን ሐበሻ ወላጆች በኦክቶበር ወር «ልጃችሁ የት የት አፕላይ አደረገች?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚሰማው መልስ ብዙም አይለያይም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ኮሎምቢያ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ። «ሌላስ?» ሲባል ድምፁ ዝቅ ይላል፤ «ያው፣ ለማንኛውም ብላ ሁለት ሦስት ጨምራለች።» ለማንኛውም የተጨመሩት ስማቸው እንኳ አይጠራም። ዋጋቸውን ያጣራ የለም፤ ግቢያቸውን ሄዶ ያየም የለም። ኤፕሪል ሲደርስ ግን ብዙ ልጅ በእጁ የሚቀረው ከእነሱ አንዱ ነው።

ይህ የወላጅ ስንፍና አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ወላጅ የሚያውቀው አሠራር ሌላ ነው፤ አንድ ብሔራዊ ፈተና፣ አንድ የምርጫ ቅጽ፣ ከዚያ ምደባ። ቅጹ ላይ የተሞላው ቅደም ተከተል ባይሠምር እንኳ የመግቢያ ነጥብ ያመጣ ልጅ አንድ ቦታ ይደርሰዋል። አሜሪካ ውስጥ የሚመድብ ሚኒስቴር የለም። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻ ከ1,000 በላይ ኮሌጆችን ይዟል፤ አንድ ተማሪ በእሱ በኩል እስከ 20 ለሚደርሱት ማመልከት ይችላል። የትኞቹ እንደሚሆኑ የሚወስነው ልጁ ነው፤ ሁሉም ቢመልሱት የሚተካለት አካል የለም። የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ዝርዝሩን በሦስት እንዲከፍል ይመክሩታል፦ ሪች የሚሏቸው ለመግባት የሚያስቸግሩት፣ ታርጌት የሚሏቸው ከነጥቡ ጋር የሚመጣጠኑት፣ ሴፍቲ የሚሏቸው ደግሞ እንደሚቀበሉት የሚታመንባቸው። ምክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ ቤተሰቡ ጊዜውንና ልቡን ሁሉ በመጀመሪያው ክፍል ላይ መጨረሱ ነው።

የላይኛውን ክፍል የሚያሳስተው ቁጥሩን እንደ ፈተና ማለፊያ ማንበብ ነው። ሃርቫርድ በ2024 መኸር ለገባው ዙር ከ54,000 በላይ ማመልከቻ ተቀብሎ ከ2,000 ላነሱት እሺ አለ። ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ቁጥር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገሩ ግን የተለያየ ነው። የአገር ቤቱ ፈተና ላይ ሃምሳ ያመጣ፣ ሌላው ምንም ያምጣ ምን፣ አልፏል። ሃርቫርድ ዘንድ ወንበሩ የተቆጠረ ስለሆነ ብቁ መሆን አይበቃም። ሁሉን ትምህርት ኤ ያመጣች ልጅም ብትሆን ለእሷ ትምህርት ቤቱ ሪች ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ስሞችን መደርደርም ዕድሏን አሥር እጥፍ አያደርገውም፤ አንዱ እንዳይቀበላት ያደረገው ድክመት ሌላው ዘንድም ይጠብቃታል።

ስለዚህ ዝርዝሩ ከታች ይጀመር። አስተማማኝ ለመባል አንድ ኮሌጅ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ ልጁን ይቀበላል፣ ቤተሰቡ ይከፍለዋል፣ ልጁም ሳያኮርፍ ይማርበታል። አንዱ ከጎደለ አስተማማኝ አይደለም። ብዙ ዝርዝር የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። በቨርጂኒያ በኩል ያለች ተማሪ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲን ከታች ብታስቀምጥ ያስኬዳል፤ ከአሥር አመልካች ወደ ዘጠኝ የሚጠጋ ይቀበላል፤ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ስለሆነችም በነዋሪ ዋጋ ትማራለች። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ሜሪላንድ ያለው የአክስቷ ልጅ ያንኑ ኮሌጅ በዝርዝሩ ቢያስገባ የሚጠየቀው የውጪ ክፍለ ግዛት ተማሪ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱ ደግሞ በሺዎች ዶላር ነው። ለእሷ ሴፍቲ የሆነው ለእሱ አይሆንም። በአቻዎች መካከል ዝርዝር መቀዳዳት የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ላይ ያሉት ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከተቀበሉ፣ ከታችኞቹ ሊረክሱ ይችላሉ። ሃርቫርድ የዓመት ወጪው ሁሉ ሲደመር ከ80,000 ዶላር በላይ ነው፤ ሆኖም ከ2025 ጀምሮ ገቢያቸው 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ፣ ሀብታቸውም የተለመደ ዓይነት የሆነ ቤተሰቦችን ምንም እንደማይጠይቅ፣ እስከ 200,000 ለሚያገኙት ደግሞ የትምህርት ክፍያውን እንደሚሸፍን አስታውቋል። በአንጻሩ በስም ያልገነነ አንድ የግል ኮሌጅ ልጅቷን በደስታ ተቀብሎ፣ «ስኮላርሺፕ» ብሎ ጥቂት ሺህ ቀንሶ፣ የቀረውን በብድር ሊያሸክማት ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ቤተሰቡ የሚከፍለው ዋጋ አይደለም።

ትክክለኛውን ዋጋ ለመገመት ሕግ ራሱ መሣሪያ ሰጥቷል። ከ2011 ወዲህ የፌዴራል እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ የዋጋ ማስያ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀትና የባንክ ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቁጥሮቹን መሙላት ለአንድ ኮሌጅ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ነገር ግን የእኛን ሰው የሚያሳስቱ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው፣ ማስያው የተሠራው ደመወዝተኛን አስቦ ነው፤ አባት ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ እናት ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላት ከሆነ ግምቱ ሊስት ይችላል፤ ኮሌጁ የቢዝነሱን ወጪና ቅናሽ በራሱ መንገድ መልሶ ያሰላዋልና። ሁለተኛው የአዲስ አበባው ቤት ነው። ለዓመታት በዶላር ተልኮ ሰሚት ወይም አያት የተሠራው፣ «ለጡረታችን» የተባለው ቤት በእርዳታ ማመልከቻው ላይ ሀብት ነው። የፌዴራሉ የእርዳታ ቅጽ ፋፍሳም፣ ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይልም ከመኖሪያ ቤት ውጪ ያለን ንብረት ይጠይቃሉ፤ ውጭ አገር ያለውንም። መደበቅ ወንጀል ነው። አስቀድሞ አስገብቶ ማስላት ግን ኤፕሪል ላይ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል። ይህን ለሐበሻ ወላጅ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ካውንስለር ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ወሬው የሚያድገው ከቅዳሴ በኋላ በሚደረግ ጨዋታ ነው። የዚያ ጨዋታ ሒሳብ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል አይመጣም።

ኖቬምበር ላይ የሚያልቀው፣ ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ቀድሞ የማመልከቻ መንገድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተቀበሉህ ትመጣለህ የሚል ቃል ስለሆነ ያመለከተ ልጅ የሌሎችን የገንዘብ አቅርቦት ማወዳደር አይችልም። እርዳታው ካልበቃ መውጫ ቢኖርም፣ በገንዘብ ላይ ለሚደገፍ ቤት ግዴታ የሌለው ኧርሊ አክሽን ይሻላል።

ይህ ሁሉ «ትልቁን አትመኙ» ማለት አይደለም። እንዲያውም ጥናቶቹ የሚያሳዩት ተቃራኒውን ስህተት ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ካሮላይን ሆክስቢና ክሪስቶፈር ኤቨሪ እንዳረጋገጡት፣ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው የአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች አብዛኞቹ ለመራጭ ኮሌጆች ጨርሶ አያመለክቱም። አማንዳ ፓላይስ ደግሞ ትንሽ የምትመስል ለውጥ አጠናች፤ በ1997 ኤሲቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተማሪው ውጤቱን በነፃ የሚልክላቸውን ኮሌጆች ከሦስት ወደ አራት አሳደገ። አንዱን ውጤት ለመላክ የሚከፈለው 6 ዶላር ብቻ ነበር። በዚያ ምክንያት ተማሪዎች ለብዙ ኮሌጅ አመለከቱ፣ የድሆቹም ልጆች የተሻሉ ኮሌጆች ገቡ። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ጎበዝ ተማሪ ስመ ጥር ኮሌጅ ባይገባም ኋላ የሚያገኘው ደመወዝ ከገባው እኩያው ብዙ እንደማይለይ አሳዩ፤ በኋላ ያደረጉት ክትትል ግን ለጥቁር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ልጆች የትምህርት ቤቱ ስም ለውጥ እንደሚያመጣ አገኘ። የሐበሻ ልጅ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ወገን ነው። ላይኛው ክፍል ስለዚህ ደፋር ይሁን፤ ድፍረት የሚያምረው ግን ከታች የሚያርፍበት መሬት ሲኖር ነው። ያለዚያ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከታች ካሉት መካከል ሐበሻ የሚያፍርበት አንድ አለ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ። የሜሪላንዱን ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ የሚባለውን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በዝርዝር ውስጥ ማስገባት ለአንዳንድ ወላጅ ልጄ አልተሳካላትም እንደማለት ነው፤ ብዙ ወላጆች ግን እዚያው በማታ ተምረው ነው ነርስና አካውንታንት የሆኑት። ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አላቸው፤ ኖቫ ጀምሮ መስፈርቱን ለጠበቀ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቦታው አስቀድሞ የተያዘ ነው። በዚህ መንገድ የተመረቀ ልጅ ዲፕሎማ ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያመለክት ልጅ ሒሳቡ ይለወጣል። የፌዴራል እርዳታ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ የውጭ ዜጋ አይሰጥም። አይ 20 የሚባለውን ወረቀት ለማግኘት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት ግድ ነው፤ ያለ እሱ ቪዛ የለም። የውጭ አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ ተቀብለው የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚሸፍኑት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውዲን ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ እዚህ የተጠሩት ሁሉም ከመቶ አመልካች ከአሥር በታች ይቀበላሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት አቅሙን አይተው የሚወስኑ ናቸው፤ ብዙ እርዳታ የጠየቀ የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል። ሙሉ ወጪ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ሴፍቲ የሚለው ኮሌጅ የለውም። የእሱ ዝርዝር ታችኛው መስመር አገር ቤት ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለብሔራዊ ፈተናው የሚያጠናበትን ሰዓት ለአሜሪካ ማመልከቻ ድርሰት ብሎ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ያንንም መስመር ያጣዋል።