አልነሣ ስላለ ሞተር



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ስንነጋገር መቆየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሞተር ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። የሞተር ነገር የመካኒክ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ታግሦ ያንብብና ከዚያ በኋላ ይፍረድ። በዛሬው ዘመን ሞተር ከበሬና ከላም ጋራ ተቈጥሮ የቤት ሀብት ሆኗልና፥ እሱ ሲታመም ቤቱም አብሮ ይታመማል።

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲወርዱ መርሳ ትገኛለች፤ እርሷም የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ቈላ ቀመስ ስለ ሆነ ማሽላና ጤፍ፥ ማንጎና ፓፓያ፥ ይልቁንም ሽንኩርት ያበቅላል። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች በበጋ እየቀጠኑ ስለሚሄዱ፥ ባለ እርሻው ቦይ የማይደርስለትን መሬት በውሃ መሳቢያ ሞተር ያጠጣል።

በጥር ወር ለዘመድ ለቅሶ ወደዚያው ወርጄ ሳለሁ ሁለት ወንድማማች ተጣልተው አገኘሁ። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ የቤንዚን ሞተር ገዝተው፥ በየተራ እያጠጡ ሁለት ዓመት በሰላም ኖረዋል። በዚያ ሳምንት ታናሹ ተራውን ፈጽሞ ሞተሩን ለታላቁ አስረከበ። ታላቁም ከልጆቹ ጋራ ተሸክሞ ወደ ራሱ ማሳ ወስዶ፥ በወንዙ ዳር አኑሮ ገመዱን ቢስብ፥ ሞተሩ ዝም አለ። ጠዋት ሳበ፥ ማታ ሳበ፥ በማግሥቱም ልጆቹ እየተፈራረቁ ሳቡ፤ በመጨረሻ ገመዱ ተበጠሰ እንጂ ሞተሩ አልተነሣም።

ሽንኩርቱ ራሱን በሚያፈራበት ጊዜ ላይ ነበረ። የሽንኩርት ሥር አጭር ነውና የላይኛው አፈር ሲደርቅ ከታች ውሃ ፈልጎ የሚጠጣበት ኃይል የለውም፤ በዚያ ጊዜ ውሃ ቢቋረጥበት ፍሬው ቀጭጮ ይቀራል። ሦስት ቀን ባለፈ ጊዜ ቅጠሉ መጠውለግ ጀመረ። የታላቁ ሚስት ለልጇ ትምህርት ያሰበችውን ጊደር ሸጠን ሌላ ሞተር እንግዛ እስከ ማለት ደረሰች።

ታላቁም ታናሹን፥ «አቃጥለህ ሰጠኸኝ» አለው። ታናሹም፥ «ጋሼ፥ ከእኔ ዘንድ ደኅና ነው የወጣው፤ በመንገድ ያንገላታችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ መለሰ። ከአንዱ ቃል ሌላው ቃል እየባሰ ሄዶ፥ የሞተሩ ነገር ቀርቶ የአባታቸው ርስት አከፋፈል ተነሣ። ታላቁም ክስ ላቀርብ ነውና ጻፍልኝ ሲል ወደ እኔ መጣ። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ በወንድማማች መካከል የተጻፈ ክስ ምንም እንኳ ፍርድ ቢያገኝ ቁስሉ ቶሎ እንደማይሽር አውቃለሁና፥ አስቀድሞ ሽማግሌ ይየው አልሁት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ነጂ የነበሩ ሰው ናቸው። ቡናው ተፈልቶ ዱዓ ከተደረገ በኋላ የሁለቱን ክርክር እስከ መጨረሻው ሰምተው፥ «አብሽሩ ልጆቼ፤ እናንተ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቃችሁ፤ ሞተሩን ግን የጠየቀው ማን ነው?» አሉ። ተነሥተውም ወደ ወንዙ ወረዱ፤ እኛም ተከተልናቸው።

እንደ ደረሱ ገመዱን አልነኩም። መጀመሪያ የጠየቁት፥ «ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠራ የት ነበር? ከዚያ ወዲህስ የተለወጠው ነገር ምንድር ነው?» የሚል ነበረ። የቤንዚኑን መክፈቻ አዩ፤ ተከፍቷል። ማጥፊያውን አዩ፤ በቦታው ነው። ካንዴላውን ፈትተው ቢያዩት በቤንዚን ርሷል፤ እንግዲያው ቤንዚን ደርሷል ማለት ነው። ካንዴላውን አድርቀው ከገመዱ ጋራ አገናኝተው፥ ቤንዚን ከሚተንበት ቀዳዳ አርቀው በሞተሩ ብረት ላይ አስጠግተው አስሳቡ፤ የእሳት ብልጭታ የለም። በዚህ ጊዜ ቆም ብለው ሞተሩ የተቀመጠበትን መሬት ተመለከቱና ሣቅ አሉ። ሞተሩ በወንዙ ዳር ዘንበል ብሎ ተቀምጦ ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙዎቹ የዘመኑ የውሃ ሞተሮች ውስጥ የዘይቱን መጠን የሚጠብቅ መሣሪያ አለ፤ ዘይቱ ሲያንስ ብልጭታውን ይከለክላል። ሞተሩ ዘንበል ሲል ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ፥ መሣሪያው ዘይት ያለቀ መስሎት ያግደዋል። ሽማግሌው ሞተሩን በተስተካከለ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው የዘይቱን መለኪያ መዝዘው ቢያዩ፥ በእርግጥም ዘይቱ ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ዘይት ጨምረው፥ የተበጠሰውን ገመድ ቀጥለው፥ ካንዴላውን መልሰው አስሳቡ፤ በሦስተኛው ተነሣ።

ከዚያም ዞር ብለው፥ «ዘይቱን ሳታይ ያስረከብህ አንተ ነህ፤ በአዘቅዝቅ ያስቀመጥኸው ደግሞ አንተ ነህ። ሞተሩ ግን ዝም ያለው ተበላሽቶ አይደለም፤ እንዳይበላሽ ነው» አሏቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ታናሹ ተራውን ሳይጠብቅ ያን ሌሊት ከወንድሙ ጋራ ሲያጠጣ አደረ። ከማሳው ዳር ያለው ሽንኩርት ጥቂቱ ጠፍቷል፤ የቀረው ድኗል፤ ጊደሯም አልተሸጠችም።

እንግዲህ ሌላው ቤተ ሰብ እንዲህ ባለ ነገር እንዳይጨነቅ የሞተርን ጠባይ ባጭሩ ማወቅ ይገባል። ኒኮላውስ ኦቶ የሚባለው ጀርመናዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ባለ አራት ምት ሞተርን ከሠራ ወዲህ፥ ትንሹም ትልቁም የቤንዚን ሞተር ለመነሣት የሚሻው አራት ነገር ነው፤ ቤንዚን፥ አየር፥ ብልጭታና እመቃ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አይነሣም፤ አራቱም በልክ ከተገኙ ግን አልነሣም ለማለት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ሞተር አልነሣ ባለ ጊዜ ጉልበትን ትቶ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ መመርመር ነው።

አንደኛ፤ ማጥፊያው ወደ መሥሪያው መዞሩን፥ የቤንዚኑ መክፈቻ መከፈቱን፥ በክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለመደፈኗን ማየት ይገባል። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ቤንዚኑ ሞልቶ ሳለ አይወርድም።

ሁለተኛ፤ ቤንዚኑን መመርመር ነው። ጥቂት ወደ ብርጭቆ ቀድቶ ቢያቆዩት፥ ውሃ ካለበት ውሃው ይከብዳልና ከታች ተለይቶ ይታያል። ወራት የቆየ ቤንዚንም ቀላሉ ክፍል ተንኖ ስለሚጠፋ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ዝቃጩም የካርቡራቶሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩ ቾክ ሲዘጋ ብቻ እየሠራ ሲከፈት የሚጠፋ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ የተደፈነው ይኸው ቀዳዳ ነው።

ሦስተኛ፤ የአየር ማጣሪያውን ማየት ነው። በበጋ የማሳውና የመንገዱ አቧራ ማጣሪያውን ስለሚሞላው ሞተሩ ይታፈናል። በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ከባሕር ዳር ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር አገር ተስተካክሎ የመጣ ሞተር በደጋ ሲሠራ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያንሰዋል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። በእኛ አገር ቾክን አብዝቶ መዝጋት ሞተሩን በቤንዚን ማስጠም መሆኑን ያስታውሷል።

አራተኛ፤ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። የካንዴላ መልክ እንደ በሽተኛ ምላስ ብዙ ይናገራል። ርሶ ከተገኘ ቤንዚን በዝቷል ወይም ብልጭታ የለም፤ ብዙ ከሳቡ በኋላ ደርቆ ከተገኘ ቤንዚን አልደረሰም፤ በጥላሸት ከጠቈረ አየር አንሷል ወይም ቾክ በዝቷል። የራሰውን አድርቆ፥ ቾኩን ከፍቶ ጥቂት ካስተነፈሱ በኋላ እንደ ገና መሞከር ነው።

አምስተኛ፤ ሞተሩን በደልዳላ ስፍራ አስቀምጦ ዘይቱን መለካት ነው፤ ከላይ የተረክሁት ታሪክ ለዚህ ይበቃል።

ስድስተኛ፤ ገመዱ ሲሳብ ምንም ሳይከብድ ልል ሆኖ የሚመጣ እንደ ሆነ እመቃው ጠፍቷልና፥ ይህ የቤት ሰው ሥራ ስላይደለ ለመካኒክ መስጠት ይሻላል።

ሞተሩ ተነሥቶ ውሃ የማይመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። መሳቢያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሆዱን ውሃ መሙላት ያስፈልጋል፤ በመምጠጫው ቱቦ ላይም የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብትኖር አየር ስለሚገባ ውሃው አይወጣም።

ወደ ደሴ አልፎ በሐይቅ፥ ወይም በጣና ላይ የጀልባ ሞተር ያላቸው ሰዎች ቢያነቡኝ፥ ይህ ሁሉ ለእነሱም ይሆናል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በትምህርት የታወቀ ሲሆን፥ በጣና ደግሞ ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲሻገር ኖሯል። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ሰው ከጀልባ ኋላ የሚታሰረውን ሞተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን፥ ይህ ዓይነቱ ሞተር በዓለም ሐይቆች ሁሉ ተስፋፍቷል። ለጀልባ ሞተር ሦስት ነገር ይጨመራል፤ ቀዛፊው ወደ ውሃ ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋው የደኅንነት ገመድ በቦታዋ ካልገባች አይነሣም፤ ማርሹ ከመካከለኛው ካልሆነ አይነሣም፤ በቤንዚኑ ቱቦ ላይ ያለችው የጎማ መጭመቂያ እስክትጠነክር ድረስ ካልተጨመቀች ቤንዚኑ ላይደርስ ይችላል። ሞተሩን ከውሃ ውጭ ማስነሣት ደግሞ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚስበውን ጎማ ያቃጥላል።

አሁን ለእናቶችና ለአባቶች የሚገባውን ቃል ልጨምር። ቤንዚን በሚጠጣ ውሃ ጠርሙስ ከቶ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና። የጠጣ ልጅ ቢኖር እንዲያስታውከው ማድረግ ወደ ሳንባ ያስገባበታልና አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የቤንዚኑን መጠን በኩራዝ ወይም በክብሪት ብርሃን ማየት፥ ሞተሩ ሳይበርድ ቤንዚን መጨመር ቤትን የሚያቃጥል ድፍረት ነው። ሞተርን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስነሣትም፥ ጢሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ ግን ይህ ነው። ሞተር ያለበት ቤት አንድ ደብተር ይኑረው፤ ዘይት የተለወጠበት ቀን፥ ካንዴላው የተጠረገበት ቀን፥ ማን ለማን በምን ሁኔታ እንዳስረከበ ይጻፍበት። በትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ይህን ቢጽፍ ለአባቱ ረዳት፥ ለራሱም ሥራ ተማሪ ይሆናል። ክረምት ገብቶ ሞተሩ በሚያርፍበት ጊዜም ከታንኩና ከካርቡራቶሩ ቤንዚኑን አፍስሶ ማስቀመጥ በበጋ ከሚመጣ ብዙ ድካም ያድናል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ገመድ ሲስብ ሳለ፥ ሩብ ሰዓት ቢመረምር ኖሮ ሽንኩርቱም አይጠወልግም፥ ወንድሙንም አያስቀይምም ነበረ። እኛም በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የሆነ ነገር ባልሠራ ጊዜ፥ ማን አበላሸው ከማለታችን በፊት ምን ጎደለው ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ፥ ብዙ ክስ ሳይጻፍ በቀረ ነበር። ይህንም የምለው ክስ ሲጻፍ የኖርሁበት እጅ ስለ ሆነ ነው።

ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።