«አታሟርት!» ላላችሁኝ ሁሉ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አልጋዬ ተነቃነቀ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ። ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ ሰማሁ። ከዚያስ? ከዚያማ ሮጥኩ። ጫማ የለም፣ ካልሲ ብቻ። ሞባይሌን ግን ይዣለሁ (የእኛ ትውልድ ነፍሱን ቢረሳ ሞባይሉን አይረሳም)።

ደረጃው ላይ ሕፃን የታቀፈ፣ ብርድ ልብስ የተከናነበ፣ ማርያምን የሚጠራ፣ አላህን የሚለምን፣ ሁላችንም እየተጋፋን ወረድን። ታች ስንደርስ የብረት በሩ ተቆልፏል። ሌባ ስላስቸገረን ማታ ማታ በሰንሰለት ይታሰራል። ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው። ጥበቃውስ? ማንም አያውቅም። ከሃያ የማናንስ ሰዎች ያን ሁሉ ፎቅ በላያችን አድርገን ከተቆለፈ በር ጀርባ ቆምን።

ቁልፉ ሲገኝ መሬቷ ዝም ካለች ቆይታለች። ውጪ ወጥተን እርስ በርስ እየተያየን መሳቅ ጀመርን። አንዷ ልጅ ድንገት «ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማስ?» አለች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦ ይቆርሱልናል። እኔ በራቸውን አልፌ ነው የወረድኩት። ሁላችንም አልፈነው ነው የወረድነው።

መሬት መንቀጥቀጡማ አለፈ። ይህን የሚያጽፈኝ ያ በር ነው።

የዚያን ሰሞን ሰፈራችን ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን የቴሌግራም ነቢያት ናቸው። «ትልቁ ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ የውጭ ሳይንቲስቶች አረጋገጡ፣ ለምትወዱት ሰው ሼር አድርጉ።» እኔም አድርጌያለሁ፣ አልዋሽም። ሦስት ሌሊት ጣሪያ ላይ አፍጥጬ አድሬያለሁ። መኪና ባለፈ ቁጥር የውኃ ብርጭቆዬን እያየሁ። እውነቱ ግን ይኸውላችሁ፦ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ለይቶ መናገር የቻለ ሳይንቲስት እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ሰዓት የነገራችሁ ሰው ወይ ዋሽቷል ወይ ተዋሽቷል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ የ«አታሟርት» ማኅበር ነው። ለግቢው ኮሚቴ አንድ ሐሳብ ይዤ ሄድኩ። ቁልፉ ይባዛ፣ የደካሞችና የሕፃናት ስም ይመዝገብ፣ የት እንደምንሰበሰብ እንስማማ። መልሱ አጭር ነበር። «አንተ ልጅ፣ አታሟርት! ክፉን ያርቅልን በል።» አንዱ አዛውንት «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብለው ተረቱብኝ። እኔም በሆዴ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው የየት አገር ሰው ይሆን አልኩ።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ጠላት ይመስላሉ። ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ያወራል ሌላው ዝም ያሰኛል፣ ሁለቱም ግን ወንበራቸውን አይለቁም። የፈራም ያልፈራም ቁልፉን አላባዛም!

ሟርት ነው ወይ? እስቲ እንየው። አገራችንን ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ሰንጥቋታል፣ አዲስ አበባም ከሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ብዙ አትርቅም። በ1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴ ፈራርሰዋል። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ ወድማ ሰው ሞቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ለወራት ተናውጦ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀዬአቸውን ለቀው ወጥተዋል። እኛ አልጋችን ተነቃነቀ ብለን ቪዲዮ ስንለጥፍ የእነሱ ቤት መሬቱ ተሰንጥቆ ነበር። በ1898 አዲስ አበባ የጎጆና የድንኳን ከተማ ነበረች። ዛሬ በመስታወት ተሸፍናለች፣ በየጣሪያው ላይ ሮቶ ተሸክማለች። መሬቷ ያው ናት፣ የተለወጥነው እኛ ነን።

ደግሞም አደጋ ማለት መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲጠርግ ሰው ተኝቶ ነበር። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ነፍስ በቆሻሻ ተቀበረ። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ነደደ። ከሁሉ የሚያመኝ ግን የጎፋው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መሬት ተንሸራቶ ሰው ሲቀበር ጎረቤት በእጁ እየቧጠጠ ሊያወጣ ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው በሯጮቹ ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ፍቅር አልጎደለንም። ያጎደልነው ፍቅር ሊያደርገው የሚገባውን አስቀድሞ መማር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። እኛ ኢትዮጵያውያን አንዘጋጅም የሚለኝ ሰው ካለ እድርን አላየም ማለት ነው። ድንኳን አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን፣ መንደር የሚያበላ ብረት ድስት አለን። መዝገብ አለን፣ ተጠሪ አለን፣ ዳኛ አለን። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ የቀረ ይቀጣል። እንዲህ ያለ የሰፈር አደረጃጀት ያለው ሕዝብ ስንት አለ?

ግን ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ከሞትን በኋላ ነው። እማማ ያን ሌሊት ቢሞቱ ኖሮ በማግሥቱ ሁላችንም ድንኳን ውስጥ ነበርን። ቀብር የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍል ነበር። በራቸውን አልፈን በመውረዳችን ግን ማንም አልቀጣንም። ለቀብር የተዘጋጀን፣ ለመትረፍ ያልተዘጋጀን ሕዝብ ነን። ለሞት ገንዘብ በየወሩ ስንከፍል «አታሟርት» ያለን ሰው አለ እንዴ? ታዲያ ለሕይወት ሲሆን ነው ሟርት የሚሆነው?

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ልክ ነው፣ የመንግሥትም ሥራ ነው። የሕንፃ አዋጅ አለ፣ መንቀጥቀጥን ታሳቢ ያደረገ የግንባታ ደንብም አለ። ብረት የቀነሰውን ተቋራጭና እያየ የፈረመውን ተቆጣጣሪ መጠየቅ መብታችን ነው፣ እንጠይቅ። «አትደናገጡ» ብቻ ተብሎ የሚያልቅ መግለጫም አይበቃንም፣ ምን እናድርግ የሚለው ይጨመርበት። ነገር ግን የእሳት አደጋ መኪናው እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎች የጎረቤት ናቸው። እኛን ያቆመን ደግሞ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አልነበረም። የራሳችን ሰንሰለት ነው።

«ድሃ ምን ያዘጋጃል?» የሚሉም አሉ። ወዳጆቼ፣ ቁልፍ ማባዛት ስንት ነው? ጫማና ባትሪ አልጋ ሥር ማኖር ስንት ነው? ውኃ በጀሪካን ማስቀመጥማ ፈረቃው ድሮ አስተምሮናል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር በሚስማር ማሰር፣ 939ን (እሳትና ድንገተኛ አደጋ)፣ 907ን (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና 991ን (ፖሊስ) በወረቀት ጽፎ በር ጀርባ መለጠፍ ከአንድ ማኪያቶ ይረክሳል። ሲንቀጠቀጥ ደረጃ ላይ አትሩጡ። ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ራቁ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ እስኪቆም ያዙ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ እዚያው ራሳችሁን በትራስ ሸፍኑ። ሲቆም ጫማ አድርጉ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በደረጃ ውረዱ፣ ሊፍት አትንኩ። ውጪም ከአጥር፣ ከመስታወትና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቁ።

እኔ ኮሚቴውን መጠበቅ ትቼ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጣን። ቁልፉን አባዝተን በሦስት ቤት አስቀመጥነው። በየፎቁ ማን ማንን እንደሚያነሳ ተስማማን። የእማማ በር ለእኔ ደረሰኝ። ፍርሃቴ ጠፋ አልላችሁም። ግን ሥራ ስላገኘ ሌሊት ሌሊት መቀስቀሱን ቀነሰ። ሥራ የሌለው ፍርሃት እኮ እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው፣ ያገኘውን ይለክፋል።

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ እንደገና ተናወጥን። መጠኑ 6.0 ነበር። ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፣ ቆጠርኩ፣ ቆመ። ጫማዬን አደረግሁና ወርጄ የእማማን በር አንኳኳሁ። በሩን ከፈቱ። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ደርበዋል፣ ጫማቸውን አድርገዋል። «ዘገየህ» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ቀስ ብለን ወረድን። በሩ ተከፍቶ ነበር።

ኮሚቴው ዛሬም ይህ ሟርት ነው ይላል። በእነሱ ብቻ ግን አልፈርድም። እድሩ የአዛውንት ሆኖ የቀረው እኛ ወጣቶቹ ስብሰባ ስለማንሄድ ነው። መዋጮውን እናታችን ትከፍላለች፣ እኛ ቴሌግራም ላይ ዓለምን እናድናለን። በኤድስ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። እድር መለወጥ ይችላል ማለት ነው። የሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ ሂዱ። እጃችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የበሩ ቁልፍ ስንት ቦታ አለ? በእኛ መዝገብ ውስጥ ብቻውን ደረጃ መውረድ የማይችለው ማን ነው? እሱን ማን ያነሳዋል?

«አታሟርት» ይሏችኋል። ይበሉ። ቁጭ ብላችሁ መልሱን ጠብቁ።

ክፉን ያርቅልን። ካላራቀልን ደግሞ በሩ ክፍት ይሁን።