ስድስት መስመር በአንድ መስመር አይታተምም

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የአንጋጫ ልጆች የሆንን ተማሪዎች የሒሳብ ማስታወሻችንን ይዘን ወደየቤታችን ገብተን ነበር። ኮምፒውተር በእጃችን ስላልነበረ መምህራችን ያ ወረቀት ብቻ ነበር። ቀመሮቹ እጅግ አምረው ታትመዋል፤ በመካከላቸው የገባው የፕሮግራም ኮድ ግን መስመሩ ተቀጣጥሎ፣ ክፍተቱ ጠፍቶ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር መስሎ ተገኘ። ሦስት ሆነን ብናነበው ሦስት ልዩ ልዩ መልስ አገኘን። ጥፋቱም የራሳችን ድንቁርና መስሎን ብዙ ቀን አዘንን።

ነገሩ ለአንዳንዶች ጥቃቅን መስሎ ይታይ ይሆናል። እንዳልሆነ በምሳሌ እናሳይ። በውጭ አገር ጸሐፊዎች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባለው ዘዴ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ፣ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ የሚያባዙበት ነው። ሲጻፍም እንዲህ ነው፦

    ድምር = 0
    ሀ ከ0 እስከ በለጠ ድረስ ድገም፦
        ሀ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ፦
            ድምር = ድምር + ለ
        ሀ = የሀ ግማሽ (ትርፉን ተው)
        ለ = የለ እጥፍ

ሀ 5፣ ለ 12 ቢሆኑ፣ የሀ ተራ 5፣ 2፣ 1 ሲሆን የለ ተራ 12፣ 24፣ 48 ይሆናል። በጎዶሎዎቹ አንጻር ያሉት 12 እና 48 ተደምረው 60 ይሰጣሉ። አራተኛው መስመር ወደ ግራ ወጥቶ ከሦስተኛው ጋር እኩል ቢታተም ግን በእጁ የሚሠራው ተማሪ ሁሉንም ደምሮ 84 ያገኛል። አምስተኛው ወደ ቀኝ ገብቶ በአራተኛው ሥር ቢውል ደግሞ ሀ 2 ላይ ሲደርስ ማጋመሱ ይቀራል፤ ሥራውም መጨረሻ የለውም። በፓይተን ቋንቋ በመስመር መነሻ ያለው ክፍተት ራሱ ሕግ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ የታወቀ ነው። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ቴክ፣ በእርሱም ላይ ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ የሠራው ላቴክ፣ በቀመር ውስጥ ጸሐፊው የተወውን ክፍተት ትተው ርቀቱን በራሳቸው ይወስናሉ። ይህ ለቀመር በጎ ሲሆን ለኮድ ጥፋት ነው። በወርድ የሚጽፉትም ቀጥ ያለው ትእምርተ ጥቅስ ሳያስቡት ይቆለመምባቸዋል፤ ኮምፒውተር ደግሞ የተቆለመመውን አይቀበልም።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ላቴክ «ቨርባቲም» የሚባል፣ እንደ ተጻፈ አድርጎ የሚያትም ክፍል አለው። ኮዱ ከቀመሩ ተለይቶ፣ ፊደሎቹ እኩል ስፋት ባላቸው ቅርጽ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሳይከፈል ይታተም። ከሁሉ የሚሻለው ኮዱን በተለየ ፋይል አስቀምጦ ማስታወሻው ከዚያው እንዲያነበው ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ተሞክሮ የሠራው ራሱ ይታተማል። በኮዱ ውስጥ የአማርኛ ማብራሪያ ማስገባት የሚሹ መምህራን «ሊስቲንግስ» የተባለው የተለመደ መሣሪያ የግዕዝ ፊደል እንደሚያስቸግረው ይወቁ። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በ2004 የወጣው ዚቴክ ከቨርባቲም ጋር ሲሆን ፊደሉን በደኅና ያትማል። ፊደላችን ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል ማብራሪያው በራሱ መስመር ቢጻፍ ይሻላል።

መምህራኖቻችን ማስታወሻውን ያለ ረዳት፣ ከማስተማር በተረፈች ሰዓት እንደሚያዘጋጁ አንዘነጋም። «ተማሪ የጎደለውን ራሱ ይሙላ» የሚሉም አሉ። በቀመር የጎደለን ምልክት አስቦ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ኮድን ገና የሚጀምር ተማሪ ግን የትኛው መስመር ከየትኛው ሥር እንደ ነበረ ከምን ያውቃል? ገንዘብ የለም ማለትም ምክንያት አይሆንም፤ ከላይ ያሉትን ስድስት መስመሮች ይህች በማባዣ የምትወጣ ወረቀታችን እንኳ በቦታቸው ጠብቃቸዋለች።

ስለዚህ ሸክሙ በመምህራን ላይ ብቻ አይሁን እንላለን። ላቴክ የምናውቅ ተማሪዎች ለመተየብ፣ ሌሎቻችንም ማስታወሻው ከመባዛቱ በፊት ኮዱን ለመሞከርና ለማረም በማኅበራችን በኩል እንመዝገብ። መምህራንም ጽሑፋቸውን ከኮፒ ቤት በፊት ለእኛ ያሳዩን። በሚመጣው ዕረፍት ወደ አንጋጫም ሆነ ወደ ሌላ አገር ማስታወሻውን ይዞ የሚሄድ ወንድማችንና እኅታችን በወረቀት ጥፋት ራሱን ደንቆሮ ነኝ ብሎ ሊወቅስ አይገባውም።