የትኛው ወጪ ይቀነስ? በኢኮኖሚ ጫና ወቅት የድርጅቶች የቴክኖሎጂ በጀት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን ሲያስታውቅ የአንድ ዶላር ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለውጡ በነዳጅ፣ በመድኃኒትና በማዳበሪያ ዋጋ ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ ብዙ ተብሏል፤ በድርጅቶች የቴክኖሎጂ ወጪ ላይ ስላስከተለው ጫና ግን የተባለው ጥቂት ነው።

የሶፍትዌር ፈቃድ፣ የክላውድ ኪራይና የሰርቨር መለዋወጫ ዋጋ በአብዛኛው የሚተመነው በዶላር ነው። ለምሳሌ ያህል በየዓመቱ 10,000 ዶላር ለፈቃድ የሚከፍል ድርጅት በ57 ብር ተመን 570,000 ብር ይበቃው ነበር፤ በ120 ብር ተመን 1,200,000 ብር ያስፈልገዋል። ድርጅቱ አንድም ተጨማሪ አገልግሎት ሳያገኝ ክፍያው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ገበያ ሲቀዘቅዝና ብድር ሲጠብ የሥራ አመራሩ ወጪ እንዲቀነስ ማዘዙ የሚጠበቅ ነው፤ ተገቢም ነው። አከራካሪው ጉዳይ የትኛው ወጪ ይቀነስ የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። የብር የመግዛት አቅም መዳከም የውጭውን ሶፍትዌርና የአገር ውስጡን ባለሙያ አንጻራዊ ዋጋ ለውጦታል። በዶላር የሚገዛው ተወዷል፤ በብር ደመወዝ የሚሠራው ባለሙያ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ረክሷል። ስለዚህ በባለሙያው ዕውቀት እየታገዙ የዶላሩን ወጪ መቀነስ ከቀድሞው ይልቅ አዋጭ ሆኗል። በበርካታ ድርጅቶች የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሥልጠና ይሰረዛል፣ በለቀቀ ባለሙያ ምትክ ሌላ አይቀጠርም፣ የፈቃዱ ክፍያ ግን ሳይመረመር ይታደሳል።

የተሳሳተው ቅነሳ መንስኤ

ይህ የሚሆነው ኃላፊዎች ቸልተኛ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ፈቃድ ውል አለው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ሥራው በማግስቱ ሊቆም ይችላል። ሥልጠና ሲሰረዝ ግን በማግስቱ የሚቆም ነገር የለም። ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ በያዝነው የበጀት ዓመት ሒሳብ ውስጥ አይታይም። ከዚህም በላይ ሠራተኛው ያካበተው ዕውቀት በንብረት መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር ሲጠፋ እንደ ኪሳራ አይቆጠርም። የትኛው ፈቃድ አላስፈላጊ እንደሆነ ሊናገር የሚችለው ባለሙያ ቀድሞ ከለቀቀ ደግሞ ድርጅቱ የአቅራቢውን ቃል ከመቀበል በቀር ምርጫ አይኖረውም።

የሶፍትዌር ባለሙያው ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1992 እንዲህ ያለውን የማዘግየት ዋጋ በዕዳ መስሎ ገልጾታል። ዛሬ ያልተሠራው ሥራ ነገ ከነወለዱ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የእንግሊዝን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲያሽመደምድ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ማሻሻያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ለጥቃቱ ተጋልጠው ቆይተዋል። የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ጉዳቱን 92 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶታል። ጥገናን ማዘግየት እንደ ቁጠባ ሊቆጠር እንደማይገባ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

ቅነሳው ከየት ይጀምር?

የመጀመሪያው እርምጃ ቆጠራ ነው። እያንዳንዱ ፈቃድና የኪራይ አገልግሎት በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ስንት ሰው በእውነት እንደሚጠቀምበትና ለመተው ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ሠንጠረዥ ሊሰፍር ይገባል። ሥራ ለቀው በሄዱ ሠራተኞች ስም የሚታደስ ፈቃድ፣ ለሙከራ ተከፍቶ ሌሊትና ቀን የሚሠራ የክላውድ ሰርቨር፣ ማንም የማይከፍተው የሪፖርት ሥርዓት የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ለእነዚህ ዶላር መክፈል አበው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ዓይነት ነው።

ሁለተኛው በግዴታ የሚመጣን ወጪ በየዘርፉ መለየት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለድርጅቶች ያቀረበው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል፤ ለሦስት ዓመት 427 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ብዙ ነባር ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የሃርድዌር መስፈርት አያሟሉም። ቆጠራ ያላካሄደ ድርጅት ለሁሉም ይከፍላል፤ ወይም ሁሉንም ይለውጣል። ቆጠራ ያካሄደ ግን በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነባቸውን ለይቶ ለእነርሱ ይከፍላል፤ ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ብቻ የሚያገለግሉትን ወደ ሊኑክስ ማዛወር ይችላል።

ሦስተኛው መተካት ነው። ኦፕን ሶርስ የሚባሉት፣ የምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚለማ ክፍት ሥርዓት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፎች የሚቀመጡበት የዲጂታል ማኅደርም ዲስፔስ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር የተገነባ ነው። ለመረጃ ቋት ፖስትግሬስኪውኤል፣ ለጽሕፈት ሥራ ሊብረኦፊስ የፈቃድ ክፍያ ሳይጠይቁ ያገለግላሉ።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የፈቃድ ክፍያ አለመኖሩ ወጪ የለም ማለት አይደለም። የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስኖ እስከ 2013 ድረስ 15,000 ያህል ኮምፒውተሮችን አዛወረ፤ በ2017 ግን ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ምክር ቤቱ ወሰነ። በአንጻሩ የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ እ.ኤ.አ. በ2005 በቅድሚያ የቢሮ ፕሮግራሞችን ብቻ ቀየረ፤ ሠራተኛው ከለመዳቸው በኋላ ከ2008 ጀምሮ ዋናውን ሥርዓት ወደ ሊኑክስ አዛወረ። ሁለቱን ተቋማት የሚለያዩ ፖለቲካዊና አስተዳደራዊ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ቢሆንም የዝውውሩ ቅደም ተከተልና የሠራተኛው ዝግጁነት ከሶፍትዌሩ ዋጋ ባልተናነሰ መመዘን እንዳለባቸው መገንዘብ ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። የአገር ውስጥ ባለሙያ በአንጻሩ ረክሷል ከተባለ የውጭ ድርጅትም ይህንኑ ያያል፤ ብቁው ባለሙያ በዶላር ለሚከፍለው ይሠራል። ይህ እውነት ነው። ስለሆነም ከፈቃድ ክፍያ ከሚተርፈው ገንዘብ የተወሰነው ለባለሙያው ደመወዝና ሥልጠና ካልዋለ ከላይ የቀረበው ሐሳብ በሙሉ ፉርሽ ይሆናል። ቁጠባው ሁሉ ወደ ትርፍ መዝገብ ከገባ ድርጅቱ በአቅራቢው ላይ የነበረውን ጥገኝነት ሊለቅ በተቃረበ ሠራተኛ ላይ በሚኖር ጥገኝነት ለወጠ ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ድርጅቶች የሥልጠናና የቅጥር በጀትን ከመንካታቸው በፊት የዶላር ወጪያቸውን በዝርዝር እንዲቆጥሩ፣ ከሚያተርፉትም ለባለሙያው እንዲመድቡ ጸሐፊው ይመክራል። ለተመራማሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ደግሞ ሰፊ የጥናት መስክ ክፍት ነው። የአንድ ሶፍትዌር አጠቃላይ ወጪ ፈቃድን፣ ጥገናን፣ ሥልጠናንና የመውጫ ዋጋን አካትቶ በብር ሲሰላ ምን ይመስላል? ወደ ክፍት ሶፍትዌር የተዛወሩ የአገር ውስጥ ተቋማት ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የት ደረሱ? ጥናቱን ከራሳቸው ዩኒቨርሲቲ የግዥ መዝገብ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ግኝቱም በመጀመሪያ የሚጠቅመው ይኸንኑ ተቋም ነው።