ነብር ይደበቃል፣ ነብሮቹ ግን መታየት አለባቸው

ሊጉ አልቆ ክረምቱ ሲገባ የኳስ ወሬ ሁሉ ዝውውር ይሆናል። ማን ፈረመ? ማን ለቀቀ? አሰልጣኙ ይቀጥላል ወይስ ይሰናበታል? በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል አንድ ውሳኔ ድምጽ ሳያሰማ ያልፋል፤ የማልያ ቀለም ምርጫ። ለሀዲያ ሆሳዕና ደግሞ ነገርዬው ለየት ያለ ፈተና አለው። ክለቡ የሚጠራው «ነብሮቹ» እየተባለ ነው። ነብር ሲነሳ ደግሞ ዥንጉርጉር ቆዳው አብሮ ይነሳል። ታዲያ ነብሮቹ የነብር ቆዳ የመሰለ ማልያ ቢለብሱስ? ያምር ይሆናል። ለጨዋታ ግን ይሆናል ወይ?

ስለ ዥንጉርጉር ቀለም ከአዳኞች በላይ የተጨነቀ የለም። በውጭው ዓለም የስፖርት አዳኞች ዘንድ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ጠመንጃ ተወዳጅ ሆኗል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጠመንጃው አይከብድም፣ ተራራ ለተራራ ሲዞር ለሚውል አዳኝ እፎይታ ነው። ችግሩ ካርቦን በተፈጥሮው ጥቁር ነው፣ ሲወለወል ደግሞ ያብረቀርቃል። በጫካ ውስጥ ቀጥ ያለ፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነገር ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ ይቀባል። ቀለሙን ለማድረቅ ምድጃ ውስጥ ማስገባትም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ካርቦኑን የያዘው ሙጫ ከልክ ያለፈ ሙቀት አይወድም።

የአዳኙ ምርጫ በሦስት ጥያቄዎች ያልቃል። የት ነው የማድነው? የጠመንጃውን ቅርጽ ምን ይሰብረዋል? ቀለሙስ ያብለጨልጫል ወይ? ከሦስቱ የመጀመሪያው ይከብዳል። ለጊቤ ሸለቆ የበጋ ሣር የተመረጠ ገለባማ ቀለም፣ በዱራሜና በአንጋጫ አካባቢ ባለው የእንሰት አረንጓዴ መሃል እንደ ባንዲራ ጎልቶ ይታያል። ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቀለም የለም። (ይህን ያነበበ ሁሉ ጠመንጃ አንግቶ ይውጣ ማለት አይደለም። በአገራችን አደን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።)

ለኳስ ሰው ትምህርት የሚሆነው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ጠመንጃውን ዥንጉርጉር የቀባ አሜሪካዊ አዳኝ ራሱ፣ ላዩ ላይ የሚደርበው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ነው! በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕጉም ያስገድደዋል። እንዴት? አጋዘንና መሰሎቹ ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አጥርተው አይለዩም። ሰው ግን ይለያል። አዳኙ ከአውሬው ይደበቃል፤ ከጓደኛው ጥይት ለመዳን ግን ለጓደኛው ይታያል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረግ የቻለው የአውሬውና የሰው ዓይን ስለሚለያይ ነው።

ሜዳ ላይ ይህ ዕድል የለም። ተከላካዩም አጥቂውም ሰው ናቸው። ከተጋጣሚህ የሚደብቅህ ማልያ ኳስ ሊያቀብልህ ከሚፈልገው የቡድን ጓደኛህም ይደብቅሃል።

ማስረጃ ለሚፈልግ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1996 አለ። ማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ሳውዝሃምፕተን ዘ ዴል ስታዲየም ግራጫ ማልያ ለብሶ ሄደ። በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 ተመራ። ፈርጉሰን በእረፍት ሰዓት ማልያውን አስወልቀው ሰማያዊና ነጭ አስለበሱ። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። የአሰልጣኙ ማብራሪያ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መተያየት አልቻሉም የሚል ነበር፤ ግራጫው ከተመልካቹ ጋር ተቀላቅሎባቸው። ብዙዎች ሳቁ፣ የሽንፈት ሰበብ ነው አሉ። ዩናይትድ ግን በዚያ ማልያ አምስት ጊዜ ተጫውቶ አንድም አላሸነፈም። ግራጫው ከዚያ በኋላ ተጣለ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ሻምፒዮን ሆነ።

ሰበብ ነው የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ናፖሊ በ2013/14 የውድድር ዘመን እንደ ወታደር ልብስ ዥንጉርጉር የሆነ ተለዋጭ ማልያ አሠርቶ ነበር። በዚያ ዓመት ሴሪ አውን ሦስተኛ ሆኖ ጨርሶ የጣልያን ዋንጫን ወሰደ። ማልያ ብቻውን አያሸንፍም፣ ብቻውንም አያሸንፍብህም። ሃል ሲቲም በቅጽል ስሙ ተነሳስቶ በ1992/93 ባለ መስመሩን የነብር ቆዳ የመሰለ ማልያ ለብሷል። ዛሬም የሚታወሰው ግን ከማማሩ ይልቅ በመሳቂያነቱ ነው።

ለሆሳዕናና ለዱራሜ ጉዳዩ ከቀልድ ያለፈ የሚሆነው በቴሌቪዥኑ በኩል ነው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰበሰቡ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ሆሳዕና የለችበትም። የአቢዮ አርሳሞ ስታዲየም ደጋፊ ቡድኑን የሚያየው በስክሪን ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ሀምበርቾ ከዱራሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀልም የከምባታ ሰው ዕጣ ይኸው ነበር፤ ቡድኑ በዚያው ዓመት ወረደ። እንግዲህ ቡድኑ በሩቅ ከተማ ለሚጫወትበት ደጋፊ ማልያው ከልብስ በላይ ነው። ሃያ ሁለት ሰው ከሚራወጥበት ትንሽ ስክሪን ላይ «ያ የእኛ ልጅ ነው» የሚልበት ምልክት ነው።

የጨዋታ ሕግ ቁጥር 4 ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስ፣ ከዳኞችም የሚለዩበት ቀለም ይልበሱ ይላል። ይለያል ማለት ግን ለማን? በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ሩሲያ በቀይ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በአረንጓዴ ሲጫወቱ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ተመልካቾች ቅሬታ አሰምተዋል። ለእነሱ ሁለቱም ቡድን አንድ ነበር። ልክ እንደ አጋዘኑ!

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። አንዱ ማልያ ደማቅና ፈካ ያለ፣ ሌላው ጠቆር ያለ ይሁን። ከመታዘዙ በፊት ናሙናው ሣር ላይ ተዘርግቶ በሞባይል ፎቶ ይነሳ፤ ፎቶው ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀየር። ያኔ ከተጋጣሚ ማልያ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ፣ ከሜዳው ዳር ያለ የክንፍ ተጫዋችም በዓይኑ ጥግ ሲያይ ይደናገራል። ተለዋጭ ማልያውም በእርግጥ ተለዋጭ ይሁን፤ የዋናው ታናሽ ወንድም አይሁን።

የነብሩ ጠቃጠቆስ? አንገትጌውና እጅጌው ላይ ይቀመጥ፣ አርማው ላይ ያብብ፣ የደጋፊው ሻርፕ ላይ ይዘርጋ። ደጋፊው የፈለገውን ያህል ዥንጉርጉር ቢሆን ማንም ኳስ አያቀብለውም። ደረቱና ጀርባው ግን ለአንድ ጥርት ያለ ቀለም ይተው። ነብር ያልታየ እንደሆነ ይበላል። አጥቂ ግን ያልታየ እንደሆነ ኳስ አይደርሰውም፣ ቡድኑም ጾሙን ያድራል።