ስክሪን ላይ የማይወጣው ሥዕል

ሰውዬው ዜና ሊያነብ ድረ ገጽ ይከፍታል። ዜናውን አንብቦ ሳይጨርስ ስልኩ አንድ ሥዕል ስሎ፣ አስረክቦ፣ አጥፍቶታል። ባለቤቱ አላየውም። እንዲያየውም አልታሰበም።

ከስክሪን ውጪ መሣል በራሱ ነውር የለበትም። ጌም ሠሪዎች ጥላውንና የመስታወቱን ነጸብራቅ መጀመሪያ ሜሞሪ ውስጥ ስለው ነው ወደ ስክሪን የሚያመጡት፤ ወጡ ጓዳ ተሠርቶ ሳሎን እንደሚቀርበው ማለት ነው። ነውሩ የሚጀምረው ጓዳ ውስጥ እንግዳውን መሰለል ሲጀመር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድረ ገጹ ብሮውዘሩን በተደበቀ ካንቫስ ላይ አንድ መስመር ጻፍ ይለዋል። ግራፊክስ ካርዱ፣ ፎንቱና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የፊደሉን ጠርዝ በየራሳቸው መንገድ ስለሚያለሰልሱት ዐይን የማይለየው የፒክስል ልዩነት ይፈጠራል። ፒክስሎቹ ተነበው ወደ አጭር ቁጥር ይቀየራሉ። ቁጥሩ ብቻውን ሰውን ነጥሎ ላያወጣ ይችላል፤ ከስክሪኑ መጠን፣ ከሰዓት ቀጠናውና ከፎንቶቹ ጋር ሲደመር ግን ብዙ ጊዜ ያወጣል። (ስቶክሆልም ውስጥ የግዕዝ ፎንት የጫነ ኮምፒውተር ስንት ይሆን?) ኩኪ ይሰረዛል፤ ይህን አሻራ የሚሰርዝ ቁልፍ ግን የለም።

ዘዴውን ሁለት የሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 አሳዩ። በ2014 የፕሪንስተንና የሉቨን ተመራማሪዎች ከ100 ሺህ ታዋቂ ድረ ገጾች ከ5 በመቶ በሚበልጡት ላይ አገኙት። የዋይት ሀውስም ድረ ገጽ ከመካከላቸው ነበር።

ጎግል በ2019 እንዲህ ዓይነቱ አሻራ መሰብሰብ የተጠቃሚን ምርጫ የሚጥስ ስህተት ነው ብሎ ነበር። በዲሴምበር 2024 ደግሞ በማስታወቂያ ደንበኞቹ ላይ የጣለውን ክልከላ እንደሚያላላ አስታወቀ፤ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮም ተግባራዊ አደረገው። የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ እርምጃውን ኃላፊነት የጎደለው ብሎታል። በ5 ዓመት ውስጥ ስህተቱ እንዴት ትክክል ሆነ? ቴክኒኩ ያው ነው፤ የተቀየረው የኩባንያው ሒሳብ ነው።

ማጭበርበር ለመከላከል ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ባንክ ደንበኛው ሒሳቡን ሲከፍት ቢያጣራ ያስኬዳል። የጫማ ማስታወቂያ ግን ምኑን ይከላከላል?

መከላከሉ እንደሚቻልም ታይቷል። ቶር ብሮውዘር ፒክስሉን ያለ ፈቃድ አያስነብብም፤ ብሬቭ ደግሞ ሆን ብሎ ጥቂት ያዛባዋል። ማስታወቂያ የሚሸጠው ኩባንያ የሚሠራው ክሮም ግን በተለመደው አጠቃቀም ዝም ብሎ ያስረክባል። ካሜራ ለመክፈትና ያሉበትን ቦታ ለማወቅ ፈቃድ የሚጠይቅ ብሮውዘር ከካንቫስ ፒክስል ሲነበብም ይጠይቅ። ፎቶ ማረም የፈለገ ሰው «እሺ» ብሎ ያልፋል፤ ዜና ሊያነብ የመጣው ደግሞ ለምን እንደተጠየቀ ይገርመዋል።