«ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ማለት ይብቃ

የቀድሞ ዘፈኖችን በጃዝ ስልት አዲስ አድርጎ መሥራት በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም ከተለመደ ቆይቷል። አልበሙ ብዙ ጊዜ «ለቀደምቶቻችን ክብር» ተብሎ ይወጣል። ሥራውን አልጠላም፤ አንዳንዱ አንጀት ይበላል። ግን የሚከበረው ሁልጊዜ ድምፃዊው ነው። የጥላሁን ዘፈን፣ የብዙነሽ ዘፈን እንላለን እንጂ ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን አወጣው ብለን አንጠይቅም።

በአሜሪካ ግን የጃዝ ድምፃዊቷ ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1956 እ.ኤ.አ. የኮል ፖርተርን ዘፈኖች ስትጫወት የደራሲው ስም በአልበሙ ርዕስ ላይ ሰፈረ። በ1964 ደግሞ ተራው የግጥም ጸሐፊው የጆኒ መርሰር ሆነ። እኛ ዘንድ ሣህሌ ደጋጎ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዜማ ሲደርስና ሲያቀናብር ኖረ። ተስፋዬ ለማ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ለዓመታት መራ፣ ለሌሎችም ግጥምና ዜማ ሰጠ። ዘፈኑን በቃሉ ከሚያንጎራጉረው ሰው ስንቱ ስማቸውን ያውቃል?

ዋግ ኽምራ ላይ ነገሩ ይብሳል። ነሐሴ 16 የልጃገረዶች በዓል የሆነው ሻደይ ሲገባ የሰቆጣ ልጃገረዶች ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው በየቤቱ ይዞራሉ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጎበዟ አውራጅ የወረሰችውን ብቻ አትደግምም፤ ለቤቱ ባለቤት የሚስማማውን ስንኝ እዚያው ቆማ ትገጥማለች። እንዲህ ያለው ዜማ ስቱዲዮ ገብቶ ኪቦርድና ሳክስፎን ሲታከልበት «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ይባላል። አቀናባሪው በስሙ ይጻፋል፤ ሚክስ ያደረገውም፣ ሽፋኑን የሠራውም እንዲሁ።

«የማን እንደሆነ አይታወቅማ!» የሚል መልስ ይሰጣል። የጥንቱን ዜማ መጀመሪያ ያወጣውን ሰው ማግኘት ላይቻል ይችላል። ከዋግ መምጣቱ ግን ይታወቃል። በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ መዘፈኑም ይታወቃል። ስንኙን ለቀጂው የሰጠችው ሴት ስሟን ብትጠየቅ ትናገር ነበር፤ ችግሩ የሚጠይቃት አለመኖሩ ነው። «ሕዝብ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ዋግም ጎጃምም ወለጋም አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ፣ ድርሻዬን ብሎ የሚመጣም አይኖርም። ልማዱን ያቆየው ይህ ምቾት ይመስለኛል።

ሕጉ እኮ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ እንዲገለጽለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የኢኮኖሚ መብቱም ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ተስፋዬ ለማ ያረፈው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ወራሾቹ ገና ለአሥርት ዓመታት ባለመብት ናቸው።

ስለዚህ የሻደይን ዜማ በጃዝ ሊሠራ ያሰበ አዘጋጅ ሳክስፎን ነፊውን ከመጥራቱ በፊት በነሐሴ ሰቆጣ ይሂድ። የአውራጇን ስም ከነቀበሌዋ ይመዝግብ፣ ኽምጣኛውን በሚያውቅ ሰው ያስጽፍ፣ ከሽያጩ የሚደርሳትንም በውል ይወስን። ውሉም አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ይፈረም።